ሄደው የተመለሱት፦ ከጎንደር መንደሮች የወጡ ሰዎቻችን



ይህ ጽሑፍ የተጀመረው በአንዲት ልጅ የቤት ሥራ ነው። ባለፈው ዓመት፣ የሲግድ በዓል ካለፈ በኋላ፣ አንድ ማታ በማኅበራችን ቤት ልጆችን የቤት ሥራ እናግዝ ነበር። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ «አቮዳት ሾራሺም» ይዛ መጣች። ወላጆች ታውቁታላችሁ፤ ልጁ የቤተሰቡን ሥር ጠይቆ የሚጽፍበት የትምህርት ቤት ሥራ ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ቤተሰብሽ ከመጣበት አገር የወጣ አንድ ታዋቂ ሰው ጥቀሺ» ይላል። ልጅቷ በዕብራይስጥ አንዲት ቃል ብቻ ጽፋለች፦ «ኤን»። የለም ማለት ነው።

«ለምን የለም አልሽ?» አልኳት።

«ጓደኛዬ ቤተሰቦቿ ከፖላንድ ናቸው፤ ቤን ጉርዮንን ጻፈች። ከእኛ አገር ግን ማን አለ?» አለችኝ።

«ኧረ ሞልቷል!» አልኩ። «እሺ፣ ማን ማን?» ስትለኝ ሁለት ሦስት ስም ጠራሁ። «ምን ሠሩ?» ስትለኝ ግን አፌ ተያያዘ። እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። እኔ አማርኛ አነባለሁ፣ ሽማግሎች አጠገብ ነው ያደግኩት፤ ግን ለአንዲት ልጅ አንድ ገጽ የሚሞላ መልስ አልነበረኝም። ክረምቱን ሙሉ አነበብኩ፣ ትልልቅ ሰዎችን ጠየቅኩ። መልሴን እነሆ። ወላጆች እንዳይደናገራችሁ፣ እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«አገራችን» የምንለው የት ነው?

ቤተ እስራኤል አንድ ቦታ ተሰብስቦ የኖረ ሕዝብ አልነበረም። ደምቢያ፣ ወገራ፣ ሰሜን፣ ጭልጋ፣ አርማጭሆ፣ ቋራ፣ ከዚያም ወደ ላይ ወልቃይት፣ ጸለምት፣ ሽሬ ድረስ ተበትኖ፣ በትንንሽ መንደሮች ይኖር ነበር። ለመንጻት ውኃ ስለሚያስፈልግ መንደሩ ወንዝ ዳር ይመረጥ ነበር። ወንዱ ያርሳል፣ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸማ ይሠራል፣ ቤት ይገነባል። ሴቷ ሸክላ ትሠራለች፣ ጥጥ ትፈትላለች።

ታዲያ ለምን ስማቸው አልተጻፈም? መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። የዱሮውን ታሪክ የሚጽፉት የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች ነበሩ። ዜና መዋዕል የንጉሡን ዘመቻ ይቆጥራል፤ የግንበኛውንና የሸክላ ሠሪዋን ስም አይመዘግብም። ስለ እኛ የተጻፈው ጦርነት ሲኖር ነው። በዚያ ላይ በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ይስሐቅ ጊዜ፣ ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ እንደ ተደነገገ ይነገራል። ርስት የሌለው ሰው ደግሞ በመሬት ሰነድ ላይ ስሙ አይገኝም። ጎረቤትም ቢሆን በሥራው ይጠቀማል፣ ማታ «ቡዳ» ብሎ ይፈራዋል። ስለዚህ የእኛን ሰዎች ስንፈልግ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ባሸነፋቸው ሰው መጽሐፍ ውስጥ ነው።

የሰሜን ተራሮች

ከእነዚህ መጽሐፎች አንዱ የዐፄ ሠርፀ ድንግል ዜና መዋዕል ነው። ንጉሡ በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሰሜን ተራራ ላይ በነበሩ የቤተ እስራኤል መሪዎች ላይ ዘመተ። ረዳኢና ካሌፍ የሚባሉ መሪዎች እዚያ ተጠቅሰዋል። ከእነርሱ በኋላ የመጣው ጌዴዎን ደግሞ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ለብዙ ዓመታት ተዋግቶ በ1620ዎቹ ተገደለ። ከእርሱ ሞት በኋላ የራሳችን መሪ፣ የራሳችን ጦር የሚባል ነገር አበቃ።

እኔን የነካኝ ግን የመሪዎቹ ታሪክ አይደለም። ያው ዜና መዋዕል ስለ አንዲት የተማረከች ሴት ያወራል። ወታደሩ እጇን ከእጁ ጋር አስሮ በገደል አፋፍ ሲወስዳት፣ የአምላኳን ስም ጠርታ ራሷን ወደ ገደሉ ወረወረች፤ ወታደሩንም ይዛው ወደቀች። ጸሐፊው የጠላት ወገን ሆኖ ሳለ ጀግንነቷን አድንቆ ጽፎታል። ስሟን ግን አልጻፈም። ምናልባት የጠየቃትም የለም። ይህችን ሴት እዚህ አስቀምጧት፤ መጨረሻ ላይ እንመለስባታለን።

ዐፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን ከተማ ካደረጉ በኋላ፣ መሬት የሌላቸው የእኛ ሰዎች በግንበኝነት፣ በአናጢነትና በብረት ሥራ ለከተማዋ አገለገሉ። ዛሬ ቱሪስት ፎቶ የሚያነሳው ግንብ ውስጥ የእነርሱም ላብ አለበት። ማን እንደ ሠራው የሚናገር ጽሑፍ ግን ድንጋዩ ላይ የለም።

አባ ማሐሪ፦ ባሕሩን ፍለጋ

ወደ 19ኛው መቶ ዘመን እንምጣ። ዘመኑ የዐፄ ቴዎድሮስ ነው። ከአውሮፓ የመጡ ሚሲዮኖች ቤተ እስራኤልን ለማጥመቅ በየመንደሩ ይዞሩ ነበር። በ1862 ነገሩ ንጉሡ ፊት ቀርቦ ክርክር እስከ መሆን ደረሰ። ሕዝቡ ተጨነቀ። «ጊዜው ደርሶ ይሆን?» የሚል ወሬ በየጎጆው ገባ። ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1855፣ ዳንኤል የሚባል ሰው ልጁን ሙሴን ይዞ ኢየሩሳሌም ደርሶ ነበር። ስለዚህ መንገዱ ሕልም ብቻ አልነበረም።

አባ ማሐሪ መነኩሴ ነበሩ። በዚያው በ1862 ተነሥተው «ወደ ኢየሩሳሌም እንሂድ» አሉ። ብዙ ሕዝብ ከብቱንና እርሻውን ትቶ ተከተላቸው። ሙሴ ባሕር እንደ ከፈለ፣ ለእኛም ቀይ ባሕር ይከፈላል ብለው አመኑ። ነገር ግን ባሕሩ ጋ አልደረሱም። ትግራይ ውስጥ፣ አክሱም አካባቢ፣ ረኃብና በሽታ ጨረሳቸው። የተረፉት ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ፣ ከፊሎቹ ባዶ እጃቸውን ወደ ጎንደር ተመለሱ።

አንዳንድ ሰው አባ ማሐሪን «ሕዝብ አስፈጀ» ይላል። ሌላው «የመጀመሪያው የአልያ መሪ ናቸው» ይላል። ሁለቱም እውነት ያለበት ይመስለኛል። መንገድ ሳይጠና፣ ስንቅ ሳይቋጠር፣ ሕፃንና አዛውንት ይዞ መውጣት ትልቅ ስሕተት ነው። ግን ከዚያ በኋላ በየመንደሩ «አያቶቻችን ሞክረው ነበር» የሚል ትዝታ ቀረ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሰዎች ሱዳንን በእግራቸው ሲያቋርጡ፣ ያ ትዝታ ከኋላቸው ነበር።

ታምራት አማኑኤል፦ በክፉ ቀን የተወለደው ልጅ

ከ1888 እስከ 1892 ድረስ ያለው ዘመን በአገራችን «ክፉ ቀን» ይባላል። ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አቃተው፣ ረኃብ ገባ። ከሱዳን የመጣው የደርቡሽ ጦርም ጎንደርን አቃጠለ። ከሕዝባችን ትልቁ ክፍል በዚያ ጊዜ አለቀ፤ መንደሮች እንዳለ ጠፉ። ታምራት አማኑኤል የተወለዱት ያ ዘመን በጀመረበት በ1888 ገደማ ነው።

በ1904 ዶክተር ያዕቆብ ፋይትሎቪች የሚባል ከፖላንድ የተወለደ ወጣት አይሁዳዊ ምሁር ወደ ኢትዮጵያ መጣ። የእርሱ መምህር ዮሴፍ ሃሌቪ ከዚያ በፊት፣ በ1867፣ አገራችንን ጎብኝቶ ነበር። ፋይትሎቪች የመጣበት ሐሳብ ቀላል ነው፦ ሚሲዮኑ ልጆቹን የሚያገኘው በትምህርት ቤት ከሆነ፣ እኛም ትምህርት ቤት እንክፈት። ሲመለስ ሁለት ልጆችን ይዞ ሄደ፤ ጌቴ ኤርምያስንና በአሥመራ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ይማር የነበረውን ታምራትን።

ታምራት ፓሪስ፣ ከዚያም ጣሊያን አገር ፊረንዜ ከተማ ተማሩ። እዚያ ቢቀሩ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እሳቸው ግን ተመለሱ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ዳይሬክተሩ ፕሮፌሰር ታምራት ሆኑ። ልጆቹ ከጎንደር መንደሮች በእግርና በበቅሎ መጥተው እዚያ አደሩ፣ ተማሩ።

በየካቲት 1937 በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወረወረ። ጣሊያኖቹ የተማረ ኢትዮጵያዊ እየለቀሙ ገደሉ። ፕሮፌሰር ታምራት አምልጠው ወደ ግብፅ ተሰደዱ፣ ኢየሩሳሌምም ገቡ። አገሪቱ በ1941 ነፃ ስትወጣ እንደገና ተመለሱ፤ በትምህርት ሚኒስቴር አገለገሉ፣ በኋላም በፓሪስ የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ሠሩ። በ1963 ኢየሩሳሌም ውስጥ አረፉ።

ልብ በሉ፤ ይህ ሰው የተወለደው ሰው ሁሉ በረኃብ በሚረግፍበት ጊዜ ነው። ከአገሩ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ሁለቱንም ጊዜ የተመለሰው ለትምህርት ነው።

ፋይትሎቪች በጠቅላላው ወደ 25 የሚሆኑ ልጆችን ወደ ውጭ ልኳል። የሁሉም ዕድል ያማረ አልነበረም። በብርድ አገር በሽታ ይዟቸው የሞቱ አሉ። ልጁን «ተምሮ ይመጣል» ብላ ሸኝታ፣ ዓመት ቆጥራ፣ መርዶ የሰማች እናት አለች። ሌሎቹ ደግሞ ተመልሰው በመንግሥት ሥራ ከፍ ያለ ቦታ ደረሱ። ለምሳሌ አቶ ታደሰ ያዕቆብ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበሩ። አሁን ግን ከከተማ ሥራ ይልቅ የመንደሩን ትምህርት ወደ መረጠ ሰው እንሂድ።

ዮና ቦጋለ፦ የወለቃው ልጅ

ከጎንደር ወደ ሰሜን ስትወጡ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ሄዳችሁ ወለቃ የሚባል መንደር አለ። ሸክላ ሠሪዎቹ ትንንሽ ምስል የሚሸጡበት ነበር፤ እናቶቻችን በደንብ ያውቁታል። አቶ ዮና ቦጋለ የተወለዱት እዚያ ነው፣ በ1908 ገደማ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ተላኩ። ከዚያ ጀርመን አገር ፍራንክፈርት፣ ከዚያ ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ። ዕብራይስጥ፣ ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ ይናገሩ ነበር። ከዚያ ተመለሱና አስተማሩ።

ከጦርነቱ በኋላ በትምህርት ሚኒስቴር ጥሩ ሥራ ነበራቸው። በ1953 ያንን ሥራ ለቀቁ። ወላጆች፣ ይህንን ለልጆቻችሁ አስረዱልኝ። በዚያ ዘመን የመንግሥት ደመወዝ ትቶ ወደ ጎንደር ገጠር መመለስ ማለት ምን እንደ ሆነ እናንተ ትረዱታላችሁ። አቶ ዮና በበቅሎና በእግር ከመንደር መንደር እየዞሩ ትምህርት ቤት ያቋቁሙ ጀመር። በ1955 መጀመሪያ አሥመራ ላይ መምህራን የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከዚያ የወጡት ወጣቶች አምቦበርንና ሌሎች መንደሮችን ማስተማር ጀመሩ።

በዚያው ዓመትና በተከታዩ ጊዜ ደግሞ 27 ወጣቶች ወደ እስራኤል፣ ወደ ክፋር ባትያ የወጣቶች መንደር መጡ። ሐሳቡ እዚህ ተምረው፣ ተመልሰው እንዲያስተምሩ ነበር። አብዛኞቹም ተመለሱ። ከእነርሱ አንዱ ባሩክ ተገኘ ነበር፤ በኋላ ለአልያ ባደረገው ትግል ስሙ የታወቀ ሰው ነው።

ነገሩ ሁሉ የተቃና እንዳይመስላችሁ። ገንዘቡ ከውጭ ነበር የሚመጣው፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ተቋረጠና አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። አቶ ዮና ግን ተስፋ አልቆረጡም። የበዓላቱ ቀን እንዳይሳሳት በየዓመቱ የቀን መቁጠሪያ አዘጋጅተው ለመንደሮቹ ያድሉ ነበር። አስቡት፤ አንዱ ወልቃይት፣ አንዱ ቋራ ያለ መንደር ፋሲካን ከኢየሩሳሌም ጋር በአንድ ቀን እንዲያከብር የሚያደርግ ወረቀት ነው። ዕብራይስጥና አማርኛ መዝገበ ቃላትም አዘጋጅተዋል።

በ1973 ራቢ ዖቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ወሰኑ፤ በ1975 የእስራኤል መንግሥት በሕገ ሽቩት፣ ማለትም በመመለስ ሕግ፣ እንዲገቡ ፈቀደ። ነገር ግን ያኔ ኢትዮጵያን ደርግ ይገዛ ነበር፤ በሩ ዝግ ነው። አቶ ዮና በ1979 ወጥተው በካናዳ፣ ሞንትሪያል ከተማ፣ በአሜሪካ አይሁድ መሪዎች ጉባኤ ፊት ቆመው ስለ ሕዝባቸው ተናገሩ። ሰሚዎቹ አለቀሱ ይባላል። በእስራኤል ኖረው በ1987 አረፉ። የሙሴ ዘመቻን በዓይናቸው አይተዋል ማለት ነው።

ፈረደ አክሉም፦ መንገዱን የከፈተው

አሁን ወደ ሽሬ እንሻገር። አቶ ፈረደ አክሉም ትግራይ ውስጥ አስተማሪ ነበሩ። የደርግ ሰዎች ሲፈልጓቸው ወደ ሱዳን ሸሹ። እዚያ ሆነው ለውጭ ድርጅቶች መልእክት ላኩ፤ መልእክቱ በመጨረሻ እስራኤል ደረሰ፤ ከሞሳድ የተላከ ሰውም ፈልጎ አገኛቸው። ሁለቱ ሆነው በሱዳን ከተሞችና በስደተኛ ሰፈሮች ውስጥ የእኛን ሰዎች መፈለግ ጀመሩ።

አቶ ፈረደ ራሳቸው ቶሎ ወጥተው መሄድ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ቆዩ። «በሱዳን በኩል መንገድ አለ» የሚለው ቃል ከእርሳቸው ወደ ትግራይና ወልቃይት መንደሮች ተላከ። መጀመሪያ ጥቂት ሰው፣ ከዚያ ቤተሰብ፣ ከዚያ መንደር ሙሉ መጣ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከፊሉ ሕዝብ ከሱዳን ባሕር ዳርቻ በእስራኤል ባሕር ኃይል መርከብ ወጣ። ከአባ ማሐሪ ወዲህ 120 ዓመት ያህል መሆኑ ነው። በቀይ ባሕር ላይ መንገድ ተገኘ።

ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 የሚሆኑ ሰዎች ገቡ። በግንቦት 1991 በሰለሞን ዘመቻ ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጣ። አቶ ፈረደ በ2009 ኢትዮጵያን ሲጎበኙ እዚያው አረፉ፤ የተቀበሩት በቤኤር ሼባ ነው።

ስማቸው ያልተጻፈው

እስካሁን የጠራኋቸው ሁሉ ወንዶች ናቸው። ልጅቷም ይህንን አስተውላ «ሴት የለችም እንዴ?» አለችኝ። ጥያቄው ልክ ነው። ሴቶቹ ነበሩ፤ የጻፈላቸው ነው የጠፋው። ልክ እንደ ሰሜኗ ሴት።

ልጁን በትምህርት ስም ለማይታወቅ አገር የሰጠችው እናት ናት። ወደ ሱዳን ሲኬድ ሕፃን አዝላ፣ ውኃ ተሸክማ፣ ሌሊት የሄደችው እናት ናት። ኡም ራኩባና ገዳሪፍ ላይ ቀን ልጅ ቀብራ፣ ሰንበትን እንደ ሥርዓቷ የጠበቀች እናት ናት። በዚያ መንገድ ላይ ወደ 4,000 የሚሆኑ ሰዎች ሞተዋል። ኢየሩሳሌም፣ ሄርዝል ተራራ ላይ ከ2007 ጀምሮ መታሰቢያ ተሠርቶላቸዋል። ቢያንስ አንድ ጊዜ ከልጆቻችሁ ጋር ሂዱ።

ዛሬ ደግሞ ስማቸው የሚጻፍ ሴቶች አሉን። በላይነሽ ዘባድያ የአምቦበር ልጅ ናት። በ2012 በኢትዮጵያ የእስራኤል አምባሳደር ሆና ተሾመች። ከመንደሯ በስደት የወጣች ልጅ በዲፕሎማት ፓስፖርት ተመለሰች። ፕኒና ታማኖ-ሻታ በ1981 ውዛባ ተወልዳ፣ በሕፃንነቷ በሱዳን በኩል መጥታ፣ በ2020 የአልያና የመቀላቀል ሚኒስትር ሆነች። ከቤተ እስራኤል የመጀመሪያዋ ሚኒስትር ናት።

እነዚህን ሰዎች ምን ያገናኛቸዋል?

አንድ ነገር ታይቶኛል። የሌላው አገር የታሪክ መጽሐፍ ታዋቂ የሚለው ብዙውን ጊዜ ያሸነፈውን፣ የገዛውን፣ የከበረውን ነው። የእኛዎቹ አገር አልገዙም፣ ሀብትም አልተዉም። የሚያገናኛቸው ተመላሾች መሆናቸው ነው። ታምራት ከፊረንዜ፣ ዮና ከአውሮፓ፣ የክፋር ባትያ ልጆች ከእስራኤል ተመለሱ። ፈረደ ደግሞ መሄድ ሲችሉ ቆዩ። እያንዳንዳቸው ለራሳቸው የሚበቃ መንገድ አግኝተው ነበር። ወደ ኋላ ያዩት የቀሩትን ለማምጣት ነው።

ይህንን የምለው ለወጣቶቻችን ነው። ዛሬ ከእኛ ልጆች መካከል ብግሩት ጨርሶ፣ ሠራዊት አገልግሎ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባ ብዙ ነው፤ እሰየው። ነገር ግን አንዳንዱ ከሰፈር ከወጣ በኋላ ወደዚህ የሚመጣው ለሰርግና ለለቅሶ ብቻ ነው። ወለቃ መመለስ አይጠበቅብህም። ክርያት ያም መመለስ ግን ትችላለህ፤ በሳምንት አንድ ማታ፣ አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ አጠገብ ለመቀመጥ።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። ልጆቻችን የማያውቁትን አገር እንዲያከብሩ አንጠብቅ። ብዙዎቻችሁ ስለ መንገዱ ማውራት ይከብዳችኋል፤ ይገባናል። ግን ዝም ስትሉ ልጁ «ምንም የለንም» ብሎ ያስባል። ወረቀቱ ላይ «ኤን» ብሎ የጻፈው ዝምታችን ነው።

የቤት ሥራው እንዴት አለቀ?

ልጅቷን «ቤትሽ ሂጂና አያትሽን ፊደል ማን እንዳስተማራቸው ጠይቂ» ብዬ ላክኋት። እውነት ለመናገር ጊዜ ለማግኘት ብዬ ነው። በሳምንቱ ሮጣ መጣች።

አያቷ ፊደል የቆጠሩት አምቦበር ነው። አስተማሪያቸው ወጣት ልጅ ነበር፤ «ከእስራኤል ተምሮ የመጣ» ይሉታል። አንድ ዓመት ተኩል ብቻ ነው የተማሩት፤ ከዚያ ተዳሩ። ነገር ግን ስማቸውን መጻፍና «ሻሎም» ማለት እዚያ ለመዱ። አልያ አድርገው አየር ማረፊያ ሲደርሱ፣ ወረቀት ሲቀርብላቸው፣ ጣታቸውን ቀለም አልነከሩም። ስማቸውን በእጃቸው ጻፉ። ይህንን ለልጆቻቸው እንኳ ነግረው አያውቁም ነበር። «ማን ጠየቀኝ?» አሉ አሉ።

እኔ ያኔ መስመሩ ታየኝ። ፋይትሎቪች ታምራትን አስተማረ። ታምራትና እርሱ እነ ዮናን አስተማሩ። በዮና ዘመን እነዚያ 27 ወጣቶች ተላኩ። ከእነርሱ አንዱ አምቦበር ተመልሶ አንዲት ትንሽ ልጅን ፊደል አስቆጠረ። ያች ልጅ ዛሬ ክርያት ያም፣ ባሕሩ አጠገብ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር አያት ናት። አባ ማሐሪ ባሕር ጋ አልደረሱም፤ በእርሷ መስኮት ግን ባሕር ይታያል።

ልጅቷ «ኤን» የሚለውን ሰርዛ ሁለት ስም ጻፈች። አንደኛው ዮና ቦጋለ ነው። ሁለተኛው የአያቷ ስም ነው። አስተማሪዋ «አያትሽ ታዋቂ ናት እንዴ?» ብትላት፣ «ከአሁን ጀምሮ» አለቻት።

ውድ አንባቢዎች፣ ለሚቀጥለው ዓመት መጽሔታችን ከየቤታችሁ አንድ ስም እንፈልጋለን። አስተማሪ ይሁን፣ ቄስ ይሁን፣ ሸክላ ሠሪ ይሁን፣ በመንገድ የቀረች እናት ትሁን። ስሙን፣ መንደሩን፣ የሠራውን አንድ ነገር ጻፉልን። መጻፍ የማይችል ካለ ወጣቶቻችን ቤት ድረስ መጥተው በስልክ ይቀዱታል። ቡናውን ብቻ አፍሉ።

መልካም ዓመት ያድርግልን።